የእትዬ በለጡ ተራ

እኔ ሰገራ አያቅለሸልሸኝም። ብዙ ዓመት በፍሳሽ መስመር ላይ ሠርቻለሁ፤ ማንሆል ከፍቼ፣ አንገቴን አስግጌ አይቼ፣ እጄን ታጥቤ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በልቻለሁ። ሰገራ ምን አደረገ? መሄጃ ከሰጡት ይሄዳል። እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ሰው ነው፤ በተለይ ነጭ ለብሶ፣ አፍንጫውን በነጠላው ይዞ፣ የራሱን ጉድ የሰው ነው ብሎ የሚጠየፍ ሰው። እንዲህ ያለውን ሳይ ምራቄን መዋጥ ያቅተኛል። የእትዬ በለጡን ነገር የማወራችሁም ለዚሁ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ካቆየሁት ያሳምመኛል።

እትዬ በለጡ የእንጦጦ ልጅ ናቸው። ተወልደው ያደጉት እላይ፣ ከራጉኤል አጥር ሥር ነው። አባታቸው ገብስና ድንች አምራች ነበሩ። በኮረዳነታቸው ያንን ዳገት ወርደው ገበያ ውለው መልሰው ይወጡት እንደነበር ሲያወሩ «እግሬ የፍየል ነበር» ይላሉ። የራጉኤል ዘበኛ የነበሩትን ወልደ ሐዋርያትን አገቡና ከተራራው ሥር፣ የካ ውስጥ፣ የቀበሌ ቤት ደረሳቸው። ልጅ አልሰጣቸውም። ባላቸው ሲሞቱ ቤቱ፣ ግቢውና መጥረጊያው ብቻ ቀሩላቸው። እንደ እሳቸው የሚጠርግ ሰው አይቼ አላውቅም። ጠዋት ግቢውን፣ ከሰዓት ደጁን፣ ማታ ደግሞ ጎረቤት የጣለውን። ግድግዳቸው ጭቃ ነው፤ ግን በየዓመቱ ኖራ ይቀባል። የበራቸውን እጀታ በሎሚ ልጣጭ ሲያሹ አግኝቻቸዋለሁ። ሆሆይ፣ እጀታ በሎሚ!

ምን ዋጋ አለው! ቦታው በደላቸው። የፍሳሽ መስመሩ ከእንጦጦ ግርጌ እየተንደረደረ ይመጣና እሳቸው ደጅ ሲደርስ መሬቱ ሜዳ ስለሚሆን ይለግማል። ከላይ የተጣለ ነገር ሁሉ እዚያ ይተኛል። ቱቦው ሲታፈን ፍሳሹ ወደ ኋላ ይመለስና በእትዬ በለጡ ሽንት ቤት በኩል ብቅ ይላል፤ ከዚያ ግቢውን ያጥለቀልቃል፤ ሲብስበት ደፉን አልፎ እመደባቸው ሥር ይገባል። ይህ የሚሆነው ደግሞ በአዘቦት ቀን አይደለም። ፋሲካ፣ ገና፣ መስቀል፣ እንቁጣጣሽ፣ ሰው ሁሉ ቤቱን በሚያስጌጥበት ቀን ነው።

ምክንያቱ ቅርጫ ነው። ከእሳቸው ከፍ ብሎ፣ ከበበ ከሚባል ሰው አጥር አጠገብ፣ ባዶ ቦታ አለ፤ መሐሉ ላይ ማንሆል አለ። የሰፈሩ ሰዎች በየበዓሉ በሬ ገዝተው የሚያርዱት እዚያ ነው። ለምን እዚያ? ለጽዳት ይመቻል አሉ! ክዳኑን በዲጂኖ ያነሡና ደሙን በባልዲ ውኃ እየገፉ ያስገቡታል። ይሁን፣ ደም ይሄዳል። ቀጥለው ግን ፈርሱን ይገለብጡበታል፤ ከጨጓራው የወጣውን ያንን አረንጓዴ ዝልግልግ፣ የበሬውን የመጨረሻ መኖ። በላዩ ላይ የተበላሸ ሞራ፣ የቆዳ ቁራጭ፣ አንዳንዴም ሰኮና። ከዚያ ክዳኑን ይመልሱና፣ ቦታው ጸድቷል፣ እግዜር ይመስገን፣ ሥጋቸውን ተሸክመው ይገባሉ። እኛ በማግስቱ እንጠራለን። ፈርስና ሞራ በቱቦ ውስጥ ሲረጋ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ሽታው ግን ከሰገራ ይብሳል፤ ሰገራ ቢያንስ አይሰባም።

ከበበን ልንገራችሁ። ሰፈሩ አቶ ከበበ ይለዋል፤ ዕድሜውም ቢሆን አንቱ ያስብላል። እኔ ግን አንቱ ልለው ስሞክር ጉሮሮዬ አይታዘዘኝም፣ ይቅር ይበለኝ። የቅርጫው አስተባባሪ እሱ ነው። የራጉኤል ማኅበራቸው ሙሴም፣ ማለት አለቃው፣ እሱ ራሱ ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ማኅበር አልጠጣም፤ ነገሩን የነገሩኝ እትዬ በለጡ ናቸው። በየወሩ መባቻ፣ በራጉኤል ቀን፣ አባላቱ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ቅዱሱ ይዘከራል። መጨረሻ ላይ ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ቤታቸው ይጠጣ ነበር። ከሞቱ ወዲህ ግን የእትዬ በለጡ ተራ ሲደርስ ከበበ ይመጣና «እትዬ በለጡ፣ እርስዎ ደክመዋል፤ ድግሱን ብቻ ያሰናዱ፣ እኛ ቤት እንጠጣው» ይላል። ምን ያህል አዛኝ ነው በሉ! እትዬ በለጡ ጠላቸውን ጠምቀው፣ ዳቦአቸውን ደፍተው፣ ያንን ሁሉ ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። በራሳቸው ድግስ ከበበ ቤት በር አጠገብ እንደ እንግዳ ይቀመጣሉ።

«ደክመሻል ማለታቸው እኮ ውሸት ነው» አሉኝ አንድ ቀን፤ ታደለችን ታዱዬ ነው የሚሉኝ። «ቤትሽ ይሸታል ማለት አፍረው ነው። ታዱዬ፣ እኔ ከዚህ ዓለም ሌላ የምፈልገው የለም። ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ማኅበሬ እቤቴ ገብቶ ቢጠጣልኝ፣ አበቃ።»

እኔና ተሾመ፣ የሥራ ጓደኛዬ ነው፣ ቀድሞም በየበዓሉ ማግስት እዚያ ሰፈር እንጠራ ነበር፤ በቋሚነት የተመደብነው ግን በ2008 ጥር ላይ ነው። መሥሪያ ቤታችን በተመረጡ ማንሆሎች ውስጥ ሴንሰር ማስገባት ጀምሮ ነበር። ሴንሰር ብላችሁ አትደናገጡ፤ ከክዳኑ ሥር የሚንጠለጠል፣ የሽሮ ጣሳ የምታክል ዕቃ ናት። ፊቷን ወደ ታች አድርጋ ፍሳሹ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ትለካለች፤ ውስጧ ባለው ሲም ካርድ ልኬቱን ለቢሮ ትልካለች። ፍሳሹ ከልኩ ሲያልፍ በእኛም ስልክ ላይ መልእክት ይመጣል፤ ግቢ ሳያጥለቀልቅ ደርሰን እንድንከፍት ነው። ጥሩ ነገር ናት፣ ካጠቧት። እኔ የተመደብኩት ለማጠብ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ፊቷ ላይ ሞራ ይጋገራል፣ የሸረሪት ድር ያደራል፤ በረሮው ደግሞ፣ እሰይ ሙቀት አገኘሁ ብሎ፣ ተደራርቦ ይተኛባታል። ክዳኑን ስታነሡት ያ ሁሉ በረሮ በእጃችሁ ላይ ወደ እጅጌያችሁ ይሮጣል። እሺ፣ ተውኩት።

በዚያ መስመር ላይ የመጀመሪያዋን የተከልናት እትዬ በለጡ ደጅ ነው። በጣም ደስ አላቸው። ወንበር አውጥተው አጠገባችን ተቀመጡና የተሾመን ቱታ እያዩ «ልጄ፣ ይህን ልብስ ማን ያጥብልሃል?» እያሉ ሲያዝኑለት ዋሉ። አንቴናዋን ከክዳኑ ጎን አወጣን፣ ሲሙን አስገባን፣ መኪናችን ውስጥ ገብተን ሄድን። የመንግሥት ታርጋ ያላት መኪና።

በቃ! ለሰፈሩ ይህ በቂ ነበር። ዘመኑን ታስታውሳላችሁ፤ ኢሕአዴግ አንድ ለአምስት አደራጅቶን፣ ሰው ከገዛ ጎረቤቱ ጋር ስለ ዝናብ ሲያወራ እንኳ ግራ ቀኝ የሚያይበት፣ በየቦታው ረብሻ የሚወራበት ዓመት ነበር። አንቴና፣ ሲም ካርድ፣ የመንግሥት መኪና። ማንሆሉ ውስጥ የተቀበረው የወሬ መቅጃ ነው ተባለ። ምን ይቀዳል ታዲያ? ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመልስ የለም። ስልክ እያወራ የሚመጣው ሰው ማንሆሉ ጋ ሲደርስ ጸጥ ይላል፤ ሲያልፍ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ምን ነበር ያልከው?» ይላል። አንዲቱ ሴትዮማ፣ በጆሮዬ ሰምቼአታለሁ፣ ክዳኑ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ልማቱስ ደርሶናል፤ ለመንግሥታችን ዕድሜ ይስጥልን!» ብላ ታልፋለች። ተሾመ በሳቅ ሊሞት ነበር። እኔን ግን አላሳቀኝም። በዚያ ማንሆል ውስጥ እጄን ከትቼ የማውቀው እኔ ነኝ፤ መንግሥት የእነሱን ሰገራ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል ብለው ያምናሉ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ እትዬ በለጡ ጆሮ ጠቢ ተባሉ። እኛን ቡና አጠጥተዋላ! ወንበር አውጥተው አጠገባችን ተቀምጠዋላ! ሱቅ ሲገቡ ወሬው ይቆማል። የነበራቸው የእግዜር ሰላምታ እንኳ አጠረ። እሳቸው ምክንያቱን አላወቁም፤ ሽታው ነው ብለው ግቢውን በበረኪና ማጠብ ጀመሩ፣ እጃቸው እስኪላጥ ድረስ።

ፋሲካ ደረሰ። እኔ ስልኬን ይዤ የማንቂያ መልእክቱን እጠብቃለሁ። ጠዋት ዝም፣ ቀትር ላይ ዝም፣ ማታ ዝም። ፍሳሹ እንደ አዘቦት ቀን በቱቦው ግርጌ እየተንሸራተተ ነው። ለካ ሁሉም ማንሆል ውስጥ መቅጃ ተቀብሯል ብለው ፈርተው፣ በሬውን ካራ የሚባለው ሰፈር ድረስ ነድተው እዚያ አርደዋል! ማክሰኞ ሴንሰሯን ልወለውል ስሄድ እትዬ በለጡ ነጭ ለብሰው ደፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ግቢው ደረቅ ነው። አንዲት የሣር ቅጠል እንኳ ከቦታዋ አልተነሣችም።

«ታዱዬ፣ ስንት ዓመቴ! ፋሲካን እቤቴ ዋልኩ እኮ» አሉኝ። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ጓንቴ ቆሻሻ ስለነበር እንባዬን በክንዴ ጠረግኩ።

በዚያው ሳምንት ዳገቱን ወጥተው ከበበን ተራቸውን ጠየቁት። ከእንግዲህ ይሸታል ሊል አይችልም። «እናያለን» አላቸው። በሌላ ጊዜ ጠየቁት፤ «መንገዱ ለአዛውንቶቹ አይመችም» አላቸው። እንግዲህ የሚኖሩት እዳገቱ ላይ ነው፤ ወደ እትዬ በለጡ መውረድ ነው ያቃታቸው! በመጨረሻ እውነቱን የነገረቻቸው ሚስቱ አገርነሽ ናት፤ እሷስ ሰው ሳትሆን አትቀርም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወደ ዳር ወስዳ «እትዬ በለጡ፣ ያ ደጅዎ ላይ የተቀበረው ነገር ካልተነሣ ማንም ደፍሮ አይገባም። ሰው ጠላ ሲጠጣ ያወራል» አለቻቸው።

እኔ ስደርስ እትዬ በለጡ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። «ይህን ዕቃ ንቀይልኝ» አሉኝ።

«አልችልም፤ የመሥሪያ ቤት ነው» አልኳቸው። ነገሩን ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ። «እትዬ በለጡ፣ ይስሙኝ። እንኳን ፈሩ! ይፍሩ! ይህች ዕቃ የሠራችው ምንም የለም፤ ግቢዎን ያጸዳው ፍርሃታቸው ነው። ምንም አትሰማም ብለው የነገሯቸው ቀን ፈርሱ ይመለሳል። እኔ እነሱን አውቃቸዋለሁ፤ ከላይ ሆነው ሲገለብጡ ነው የማውቃቸው።»

«ታዱዬ፣ አንቺ ቤትሽ ሰው ይገባል?»

«ይገባል።»

«እንግዲያው አይገባሽም። ንጹሕ ግቢ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ልየው? ጆሮ ጠቢ ተብዬ ልሙት? ወልደ ሐዋርያት የራጉኤልን በር የጠበቀ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሰው አሳልፋ የምትሰጥ ናት ተብሎ ይነገርለት?»

«ፈርሱ ቢመለስስ?»

«ከተመለሰ እጠርጋለሁ። መጥረግ አውቅበታለሁ።»

ተከራከርኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኳቸው። ሴትየዋ ግትር ናቸው። «አንቺ ካልከፈትሽው ራሴ በዲጂኖ እከፍተዋለሁ» አሉ፤ ያደርጉታልም። በመጨረሻ ዕቃዋን ሳልነቅል፣ ከፍቼ ለሁሉም ላሳይ ተስማማን።

በሰኔ ወር፣ በአንዱ እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ እኔና ተሾመ ክዳኑን አነሣን። እትዬ በለጡ መንገዱ መሐል ቆመው ከበበንና ማኅበርተኞቹን ጠሩ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከበቡን። ሴንሰሯን ፈትቼ አወጣኋት፤ ሞራውን ጠረግኩላቸው፣ በረሮውን አራገፍኩላቸው፤ ምን እንደምትለካ፣ ለማን እንደምትልክ አንድ በአንድ አስረዳሁ። በስልኬ ላይ ያለውን አሳየኋቸው፤ ቁጥር ብቻ፣ የከፍታ ቁጥር። ከበበ ጎንበስ ብሎ አገላብጦ አያት። ከዚያ ቀና አለና አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«ስለዚህ ማን እንደጣለ አታውቅም?»

ተመልከቱልኝ! ታዳምጣለች ወይ አላለም። ፎቶ ታነሣለች ወይ አላለም። ምን ሊጠይቅ እንደፈለገ ወዲያው ገባኝ፤ አፌን ከፍቼ «ታውቃለች! ስምህን ከነአባትህ ታውቃለች!» ልል ነበር። እትዬ በለጡ ቀደሙኝ።

«አታውቅም ከበበ፤ መሙላቱን ብቻ ነው የምታውቀው» አሉ።

ከበበ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። ወራት የተሸከሙትን ፍርሃት እዚያው ማንሆል ውስጥ ጥለውት ተነሡ። ሰላምታቸው ተመለሰ፣ እትዬ በለጡን አቅፈው ሳሙ። ከበበም ሆዱ ራራና «በሉ እንግዲህ፣ ክረምቱ ይለፍ፤ መስከረም አንድ፣ ዓመታዊው ራጉኤል፣ እርስዎ ቤት ይሁን» አላቸው። ዓመታዊው! ከወር በዓሉ ሁሉ ትልቁ! እትዬ በለጡ መሬት ሳሙ። እኔም ሴንሰሯን ቦታዋ መልሼ ክዳኑን ገጠምኩ።

ክረምቱን ሙሉ ሲዘጋጁ ከረሙ። ከሰኔው ጾም ወደ ፍልሰታ፣ በሬ የሚያርድ አልነበረም፤ መስመሩም ደህና ከረመ። ቤቱን በኖራ ቀቡት፣ ጌሾ አደረቁ፣ ብቅል አበቀሉ፣ አግዳሚ ወንበር ከዕድር ለመኑ። እኔን «ጴንጤ ብትሆኚም ዳቦ አይከለክልሽም፤ ትመጫለሽ» አሉኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከበበን መንገድ ላይ አግኝቼው በትሕትና፣ አዎ እኔ በትሕትና፣ «እባክዎን፣ የእንቁጣጣሹን ፈርስ በጆንያ አድርጋችሁ ለቆሻሻ መኪናው ስጡ፤ በዚያ ቀን እትዬ በለጡ ድግስ አለባቸው» አልኩት። አንድ ቀን አንቱ ብዬዋለሁ ማለት ነው። «እንዴታ! አንቺ ደግሞ፣ እኛ እንስሳ ነን?» አለኝ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ረፋዱ ላይ እቤቴ ኮተቤ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ። የእትዬ በለጡ ማንሆል ነው። ልኬቱን አየሁት፤ ገና እያየሁት ጨመረ። ወደ መምጠጫ መኪናው ሹፌር ደወልኩ፤ ከጀርባው ቢላ ሲሳል ይሰማል፤ «ኧረ ታደለች፣ ዛሬ እንቁጣጣሽ ነው እኮ!» ብሎ ዘጋብኝ። ተሾመ አገር ቤት ሄዷል። የአዲስ ዓመት ቀሚሴ ላይ ቱታዬን ደረብኩ፣ ቦቲዬን አጠለቅኩ፣ ዲጂኖና የቱቦ መውጊያ ዘንጉን ይዤ ታክሲ ለመንኩ። የታክሲው ረዳት ሽታሽ መጣ አለኝ፤ ገና ሳልነካው!

ስደርስ ግቢው አረንጓዴ ነበር። ፈርሱ ከሽንት ቤቱ እየተንደቀደቀ ይወጣል፤ ላዩ ላይ ሰገራው፣ ሞራው፣ የጨጓራ ቁራጭ ይንሳፈፋል። ዝንቡ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ተጎዝጉዞ የነበረው ቄጠማና አደይ አበባ በዚያ ውስጥ ይዋኛል። እኔ፣ ምንም የማያቅለሸልሸኝ ሴት፣ ግድግዳውን ይዤ አስመለስኩ። ሽታው አይደለም ያስመለሰኝ። ትናንት በሬ የነበረ ነገር ነው፣ ምን ያደርጋል። «እኛ እንስሳ ነን?» ያለኝ ትዝ ብሎኝ ነው።

እትዬ በለጡ የሐበሻ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው በጣሳ ይቀዳሉ። ደፉ ላይ ጋቢያቸውንና ጆንያ ደርድረው ገድበዋል፤ ቤት ውስጥ አልገባም። ውስጡ ሁሉ ነገር በቦታው ነው፤ ወንበሩ ተደርድሯል፣ የንስሐ አባታቸው ማልደው መጥተው የባረኩት ዳቦና ጽዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ማንሆሉን ከፍቼ በዘንግ ወጋሁት፤ ወጋሁት፤ አልበገርም አለ። የበሬ ሙሉ ሆድ ነው፣ ለብቻዬ አይሆንም።

ማኅበርተኞቹ እየተሳሳቁ ወረዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ማንም እግሩን አላነሣም። ከበበ ከፊት ነው።

«ውይ፣ ውይ፣ ውይ! እትዬ በለጡ፣ ምነው በዚህ ቀን! አይ፣ ይሄ ቤት እኮ አልሆነልዎትም። ግድ የለም፣ ጽዋውን ያቀብሉን፣ እኛ ጋ እንጠጣዋለን።»

ነጠላውን በያዘበት እጁ ጥፍር ሥር የጠዋቱ ደም ደርቋል። ዘንጉን ወረወርኩት። «የማን ነው ይሄ? ዛሬ ጠዋት ማን ገለበጠው? ቁርስህ እኮ ነው ከበበ፣ አታውቀውም?» ብዬ ጮህኩ።

«ማን አየ?» አለ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «አንቺው ራስሽ ዕቃዋ ቁጥር ብቻ እንደምታውቅ አሳየሽን።»

ከኋላው አገርነሽ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ዲጂኖዬን ፈለግኩ፤ እውነቴን ነው፣ እግሩን ልለው ነበር።

እትዬ በለጡ ጣሳውን አስቀመጡ። እጃቸውን ታጥበው ቤት ገቡና ጽዋውን ይዘው ወጡ። በባዶ እግራቸው በዚያ ነገር ውስጥ፣ ጽዋው እንዳይፈስ ቀስ እያሉ፣ እስከ በሩ መጡ።

«ግቡ» አሉ። «እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእናንተው ነው። ከእናንተ ቀድሞ ገብቶ ነው።»

ማንም አልገባም። ጽዋውን ለከበበ ዘረጉለት፤ ወደ ኋላ አለ። ለቀጣዩ ዘረጉ፤ ፊቱን አዞረ። እንዲህ እያሉ ሁሉንም አዳረሱ። ጠላው በጠርዙ ጠብ ጠብ አለ። ያን ጊዜ ነው አላስችለኝ ያለው። ጓንቴን አውልቄ ጣልኩ። «ያስታጥቡኝ» አልኳቸው። ጽዋውን በግራ ክንዳቸው አቅፈው በማሰሮ ውኃ አፈሰሱልኝ። በእኔ ቤተ ክርስቲያን ጠላ አይጠጣም፤ ፓስተሬ ቢያየኝ ምን ይለኛል ብዬም አላሰብኩ። ተቀብዬ ጠጣሁት፤ እስከ አተላው።

እትዬ በለጡ ባዶውን ጽዋ ከእጄ ወሰዱ፣ በነጭ ጨርቁ ሸፈኑት።

«ማኅበሬ እቤቴ ተጠጣ» አሉ፤ ማንንም አልተቆጡም። «ተረኛው ማን ነው?»

ከኋላ አገርነሽ ናት የመለሰችው፤ «ከበበ ነው» አለች፤ ባሌ እንኳ አላለችም።

«እንካ ከበበ» አሉ እትዬ በለጡ።

ጽዋ በአንድ እጅ አይቀበሉትም፤ ነውር ነው፣ ለሙሴ ደግሞ ይብሳል። ከበበ ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። ማኅበርተኛው ሁሉ ያየዋል። ነጠላውን ለቀቀና ሁለት እጁን ዘረጋ። ሽታው ያን ጊዜ ነው የደረሰው፤ አፉን ገጠመ፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ እጁ ግን ጽዋ ይዟል፣ አፍንጫው ጋ ሊያደርሰው አይችልም። እትዬ በለጡ ጎንበስ ብለው ጨርቁን አስተካከሉለት። «ራጉኤል ለከርሞው በሰላም ያድርስህ» ብለው መረቁትና ጣሳቸውን ሊያነሡ ተመለሱ።